ሰናይት ያስጀመረችኝ ንባብ

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ልመስክር ብዬ ፈቃድ የጠየቅኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አልገፋኝም። ሽማግሌዎቹ እንዲያውም "እርግጠኛ ነህ ወይ?" ብለው ደጋግመው ጠይቀውኛል። የእኔ ምስክርነት ሰውን አስነሥቶ እልል የሚያሰኝ አይደለም። የሞተ ሰው አለበት። ግን እግዚአብሔር በቃሉ ተናግሮኛል፤ ይህን ውጬ ዝም ብዬ ብቀመጥ ውለታ መብላት ይሆንብኛል። ስለዚህ ታገሡኝ። ንግግር አልችልም፤ ሥራዬ መንዳት ነው።

ስሜ ግርማ ነው። ከመገናኛ አያት፣ አንዳንዴም ወደ ጎሮ በሚኒባስ ታክሲ እሠራለሁ። ብዙዎቻችሁ ተሳፍራችሁብኛል። "ወራጅ አለ" ስትሉ አልፌ አቁሜ የተቆጣችሁኝም አላችሁ።

ሌላው ሲመሰክር "ጠጪ ነበርኩ፣ ቃሚ ነበርኩ" ሲል እሰማለሁ። እኔ ያን ያህል አልነበርኩም። እናትና አባቴ ከመንዝ የመጡ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። እኔ ከእነሱ የወሰድኩት በቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ መሪውን በአንድ እጅ ይዤ በሌላው ማማተብን ብቻ ነው። እግዚአብሔር አለ፣ ሰማይ ላይ ነው፤ እኔም አለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ። አንነካካም። እንዲህ ነበር ኑሮዬ።

ባለቤቴ ሰናይት ግን ታምን ነበር። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ስፌት ላይ ጀምራ በኋላ የአንድ መስመር ኃላፊ ሆነች። ወደዚህ ጉባኤ ያመጧት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ናቸው፤ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። እኔ አልከለከልኳትም። እሑድ እሷንና ልጃችንን ሃናን በር ላይ አውርጄ ወደ ሥራዬ እሄድ ነበር።

"አንድ ቀን እንኳ ግባና ስማ" ትለኛለች።

"አንቺ ስሚልኝ" እላትና ማርሽ አስገባለሁ።

ከዚያ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ቆሞ መዋል ነው ብለን ተውነው። ቆይቶ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጥ ጀመር፤ ምግብ ሲሸታት ታስመልሳለች፤ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቀመጣለች። ሐኪም ቤት ስንሄድ የደም ግፊቷን የለካችው ነርስ እኛን ቀና ብላ ሳታይ እየሮጠች ወጣች። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት፤ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ግን ነገር አትሸፋፍንም።

"ሁለቱም ኩላሊቶችሽ ሥራ አቁመዋል ማለት ይቻላል" አለቻት። "እጥበት መጀመር አለብሽ። ዛሬውኑ።"

"እስከ መቼ?" አለች ሰናይት።

"የሚሰጥሽ ሰው ተገኝቶ ንቅለ ተከላ እስኪሠራልሽ። ካልተገኘ ሁልጊዜ።"

"እኔ እሰጣለሁ" አልኩ። ተመረመርኩ፣ አልገጠመም። ሃና ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች፤ "እኔስ?" ስትል እናቷ አፏን በእጇ ያዘቻት።

እጥበት ለማታውቁት ልንገራችሁ። ደሙ በቱቦ ወጥቶ በማሽን ይጣራና ይመለሳል። ግማሽ ቀን ያህል አንድ ወንበር ላይ ነው። ሲያልቅ ሰውየው ተጨምቆ የተሰጣ ጨርቅ ይመስላል። አንድ ቀን አርፎ እንደገና ይመጣል። ከሁሉ የሚከብደው ውሃው ነው። ኩላሊት ስለማይሠራ የጠጡት ሁሉ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ የሚፈቀደው ጥቂት ጉንጭ ነው። ሰናይት ከንፈሯ እየተሰነጠቀ በረዶ ትመጥ ነበር። ሙዝ ክልክል ነው፣ ብርቱካን ክልክል ነው፣ ቲማቲም ክልክል ነው። ውስጣቸው ያለው ፖታሲየም የሚሉት ነገር ልብ ያቆማል ይላሉ።

በዚያ ላይ ግፊቱ ዓይኗን አደከመው። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ሆና መጽሐፍ ቅዱሷን ከቦርሳዋ አውጥታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"ግርምሽ፣ ፊደሉ ጠፍቶብኛል። አንብብልኝ።"

"እኔ?"

"ስበክልኝ አላልኩህም። አንብብልኝ ነው ያልኩህ።"

"ከየት?"

"ከመጀመሪያው።"

ወገኖቼ፣ እንዲህ ነው የጀመርኩት። ለእግዚአብሔር ብዬ አይደለም፤ ሚስቴ ውሃ እንደጠማት እንድትረሳ ብዬ ነው። ዓለም ሲፈጠር አነበብኩ። ሰው ከገነት ሲወጣ አነበብኩ። ማሽኑ ይጮኻል፣ ስለዚህ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ የሚታጠቡት ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሰው ነበሩ። የደሴ ሰው ናቸው፣ መገናኛ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ሙስሊም ናቸው። ረበሽኳቸው ብዬ ድምፄን ቀነስ ሳደርግ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ለምን ዝቅ አደረግከው? እኔም እኮ ጆሮ አለኝ" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለቱም ሆነ የማነበው።

ቃየን ወንድሙን የገደለበት ላይ ደረስን። እኔ ሳነብ ሳቅ አልኩና፣ "እግዚአብሔር ከነፍሰ ገዳይ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል እንዴ?" አልኳት።

"ገና ሳይገድል ነው ያናገረው" አለችኝ ሰናይት። "ዘለህ አልፈኸው ነው። ተመለስና አንብበው።"

ተመለስኩ። እውነትም ቃየን ወንድሙን ይዞ ወደ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት እግዚአብሔር ይጠይቀዋል። ለምን ተናደድክ፣ ፊትህስ ለምን ጠቆረ ይለዋል። ኃጢአት ደጅህ ላይ አድብቷል፣ አንተ ግን ልታሸንፈው ይገባሃል ይለዋል።

"ነግሮት ነበርና" አሉ ጋሽ ሰይድ። "ምን ያደርጋል፣ አልሰማም።"

እኔም አልሰማሁም። ለእኔ ተረት ነበር። ገጹን ገልጬ ቀጠልኩ።

እንዲህ እያልን ዮሴፍ ጋ ደረስን። ወንድሞቹ ልብሱን ገፍፈው ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት፤ ከዚያ አውጥተው ለነጋዴዎች ሸጡት። እዚያ ላይ ማሽኑ ጨረሰ፣ ነርሷ መርፌውን መንቀል ጀመረች። "በሚቀጥለው እንጨርሰዋለን" አልኩ። ለሰናይት ግን የሚቀጥለው አልመጣም።

በዚያው ሳምንት አንዲት የሥራ ጓደኛዋ ሕዝብ ወደሚጎርፍበት ትልቅ የፈውስ ፕሮግራም ወሰደቻት። መድረክ ላይ የሚጸልየውን ሰውዬ ስም አልጠራም፣ ቦታውንም አልናገርም። አይጠቅማችሁም፣ እኔንም አይጠቅመኝም። ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ከታመመች ጀምሮ እንዲያ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ከመድረክ ጠራኝ" አለችኝ። "'ኩላሊቷን በማሽን የምትታጠብ እህት እዚህ አለች' አለ። ሄድኩ። እጁን ጭኖ 'እግዚአብሔር እንዲህ ይላል፤ መርፌው ዛሬ አብቅቷል። ወደ ማሽኑ ከተመለስሽ ግን ቃሉን ንቀሻል' አለኝ።"

"ሰኒ፣ ሰውየው መታመምሽን በምን አወቀ?"

"እግዚአብሔር ነግሮት ነዋ።"

"ጓደኛሽስ ነግራው ቢሆን?"

"ግርምሽ፣ እንድድን ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም?" አለችኝ።

እንዲህ ስትባሉ ምን ትመልሳላችሁ?

ወደ ወጥ ቤት ገባች። ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችና ቆማ ጠጣችው። እስከ መጨረሻው ጠብታ። ባዶውን ብርጭቆ ለእኔ አሳይታ ሣቀች። ሃና እናቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔም ቆሜ እያየሁ፣ እንዲህ ባለ ነገር የማላምን ሰው፣ እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። በማግስቱ ሙዝ አስገዛችኝ።

ዶክተሯ ደወለች። "አቶ ግርማ፣ ይስሙኝ። አሁን ደህና ልትመስል ትችላለች። ውሃው ግን ሳንባዋ ላይ መውጣቱ አይቀርም። ያኔ ደቂቃ ነው የሚቀረን። እባክዎ ያምጧት።" ስልኩን ለሰናይት ሰጠኋት። ሰምታ፣ በትሕትና አመስግና ዘጋችው።

እትዬ አስቴር መጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጇን ያዙ። "ልጄ፣ ጌታ ፈውሶሽ ከሆነ እልል ነው። ሄደሽ ተመርመሪ። እሱ የሠራው ሥራ ምርመራ አይፈራም" አሏት።

"እትዬ፣ እርስዎም ጥርጣሬ ያመጡብኛል?" አለች ሰናይት። እትዬ አስቴር ተቆጥተው አልሄዱም፤ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነው የወጡት።

ጋሽ ሰይድም ደወሉ። "ወንበሩ ባዶ ነው፤ ምን ሆናችሁ?" ነገርኳቸው። "ልጄ፣ እንደምንም ብለህ አምጣት" አሉኝ። ለመንኳት። ተቆጣሁ። ልጇን አስለመንኳት። ሰናይት ትልቅ ሰው ናት፤ ሰው በገመድ ታስሮ አይታጠብም። "ጌታ ተናግሮኛል" ካለች በኋላ የእኔ ቃል ምን ክብደት ይኖረዋል?

እብጠቱ ተመለሰ። መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ ሆዷ። ስትተኛ ስለሚያፍናት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ማደር ጀመረች። ስትተነፍስ ደረቷ ውስጥ ውሃ እንደሚፈላበት ድስት ይንተከተክ ነበር። አንድ ጠዋት ቁርስ ሳቀርብላት እጄን ያዘችኝ።

"ግርምሽ፣ ውሰደኝ።"

ተሸክሜ አወረድኳት። ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ ሃና እናቷን ጭኗ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። የሥራ መግቢያ ሰዓት ነው፤ ከሰሚት እስከ መገናኛ መኪና ከመኪና ተነካክቶ ቆሟል። ጡሩምባ እየነፋሁ፣ እጄን በመስኮት አውጥቼ እየለመንኩ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ እየወጣሁ ነዳሁ። በመስታወት ሳያት ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

"ግርምሽ" አለች። ከሞተሩ ድምፅ መሃል ነው የሰማኋት። "እሱ አልነበረም እንዴ የተናገረው?"

"አታውሪ፣ ትንፋሽሽን ያዢ" አልኳት። ለጥያቄዋ የመለስኩላት ይህን ብቻ ነው።

መገናኛ ስንደርስ ሃና "አባ፣ አቁም" አለች። አላቆምኩም። "አባ፣ በቃ። አቁም" አለች። ድምጿ የልጅ አልነበረም። መንገዱ መሃል ላይ አቆምኩ። ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ጡሩምባ ይነፉብኛል።

ለቅሶ ላይ ያች ጓደኛዋና ከዚያ ፕሮግራም የመጡ ሰዎች ድንኳን ገብተው ተቀመጡ። አንደኛው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሊያጽናናኝ መሰለኝ፣ "እምነቷ ባይጎድል ኖሮ ቃሉ ይፈጸም ነበር" አለኝ። ሃና ሰማችው። ተነሥታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንም ጸሎት ቤት ደጃፍ ረግጣ አታውቅም።

እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አልነበርኩም። እነዳለሁ፣ እበላለሁ፣ ልጄ ስታናግረኝ አልሰማትም። ያ የመድረክ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል እንደሚበላ ከሾፌር ጓደኞቼ ሰማሁ። ከመቀመጫዬ ሥር የጎማ መፍቻ ብረት አለ። አንድ ቅዳሜ መኪናውን ከሆቴሉ ትይዩ አቆምኩ፤ ብረቱን አውጥቼ ጭኔ ላይ አደረግኩ።

ፀሐይ ነበር። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፤ ሙሽሮች ደጁ ላይ ፎቶ ይነሣሉ። እኔ በሩን ብቻ ነው የማየው። እንደ ሥራ ተረጋግቼ ነበር፤ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ።

አሁን የምነግራችሁን በጥንቃቄ ስሙኝ። በጆሮዬ ድምፅ አልሰማሁም። ብርሃን አላየሁም። የመጣብኝ ለሰናይት ያነበብኩላት ቃል ነው፤ ያውም በራሴው በተሰላቸ ድምፅ። ለምን ተናደድክ? ፊትህስ ለምን ጠቆረ? ልገፋው ሞከርኩ፣ ተመለሰ። "ገና ሳይገድል ነው ያናገረው" ያለችኝም አብሮ መጣ። እኔም ገና አልገደልኩም። እየተናገረኝ ያለው አሁን ነው።

መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ መለስኩለት። "ለምን እንደተናደድኩ አታውቅም?" አልኩት። በሕይወቴ የጸለይኩት የመጀመሪያው ጸሎት ይኸው ነው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ብርጭቆውን፣ ድንኳኑን፣ ሃና "በቃ" ያለችውን። "ስምህን ጠርተው ገደሉብኝ፤ አንተ የት ነበርክ?" አልኩት። ስናገር ስናገር ሃና ትዝ አለችኝ። እናቷን ቀብራ አባቷን ደግሞ ወኅኒ ቤት ልትጠይቅ።

እየተናገርኩ ሳለ ሰውየው ወጣ። ብረቱን ወንበሩ ላይ ትቼ ወረድኩና ፊቱ ቆምኩ።

"ሰናይትን ታስታውሳታለህ?" አልኩት።

"የትኛዋ ሰናይት?"

"ኩላሊቷን ትታጠብ የነበረችው። መርፌው አብቅቷል ያልካት።"

ትንሽ አሰበ። በእውነት ለማስታወስ የሚሞክር ነበር የሚመስለው። "ወንድሜ፣ ለብዙ ሰው ነው የምጸልየው" አለኝ። "ደህና ናት?"

"ሞታለች።"

ፊቱ ልውጥ አለ። "ጌታ ያጽናህ" አለኝና መኪናው ውስጥ ገባ። እኔም ወደ መኪናዬ ተመልሼ መሪው ላይ ተደፋሁ። አልገደልኩትም። ጌታ ይመስገን፣ አልገደልኩትም። ግን ወገኖቼ፣ ያን ቀን ደስታ አልተሰማኝም። የተሰማኝ ድካም ብቻ ነው።

በቀጥታ እትዬ አስቴር ቤት ሄድኩ። የሆነውን ነገርኳቸውና ጠየቅኳቸው። "የእግዚአብሔር ድምፅ መሆኑን በምን ልወቅ? የራሴ ሐሳብ ቢሆንስ?"

"ያንተ ሐሳብ ምን ነበር?" አሉኝ።

"ልገድለው።"

"እንግዲያ ያንተ አልነበረማ።"

"ሰናይትም እኮ ተናገረኝ ብላ ነው የሞተችው።"

እትዬ አስቴር ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አደረጉ። "እሷ የሰማችው ሰውን ነው" አሉ። "ሰውየው የእግዚአብሔርን ስም ይዞ አስፈራራት፤ ከተመለስሽ ንቀሻል አላት። አስበው፣ እግዚአብሔር ቃየንን እንኳ በጥያቄ ነው የጀመረው። ድምፁን ለመለየት ቃሉ ውስጥ ብዙ መቀመጥ ነው እንጂ ሌላ መንገድ አላውቅም። ማንም ምንም ቢልህ፣ እኔም ብልህ፣ ወስደህ ከቃሉ ጋር አስተያየው። ከሱ ጋር ካልሄደ ተወው።"

"ታዲያ ለእሷ ለምን አልተናገራትም?"

"ላንተ የሚሆን መልስ የለኝም" አሉኝ። "በዶክተሯ ተናግሯት ይሆናል። በእኔም፣ በአንተም ተናግሯት ይሆናል። ግን አላውቅም ልጄ። እኔም እጠይቀዋለሁ።"

ያ "አላውቅም" ነው እንደገና ቤታቸው የመለሰኝ። የሚያውቅ ሰው ሰልችቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሥራ በፊት እየሄድኩ አብሬያቸው ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ምዕራፍ እናነባለን፤ ዝም እንላለን፤ የገባንን እንነጋገራለን። ብዙ ቀን ምንም አይገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ጋሽ ሰይድ ደወሉ። "አንተ ሰው፣ ዮሴፍን ጉድጓድ ውስጥ ጥለህብን የት ገባህ?" አሉኝ።

"ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ ታሪኩን ያውቁት የለም እንዴ?"

"በእኛ በኩል አውቀዋለሁ። ከአንተ አፍ ግን አልጨረስኩትም። ደግሞ ሰዓቱ አልገፋ ብሎኛል፤ ና እስኪ።"

ሄድኩ። ያ ክፍል ሲሸተኝ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ገባሁ። በሰናይት ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ጋሽ ሰይድ አጠገብ ተቀምጬ ካቆምንበት ቀጠልኩ። በተከታታይ ሄድኩ። ዮሴፍ ታሰረ፣ ተረሳ፣ ከፍ አለ። ወንድሞቹ ርቧቸው መጡ፤ ፊቱ ተደፉ፤ አላወቁትም። የፈለገውን ሊያደርጋቸው የሚችልበት ቀን ነበር። እሱ ግን ሰውን ሁሉ አስወጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ወንድማችሁ ነኝ አላቸው። እዚያ ላይ ማንበብ አቃተኝ። ፊደሉ ሁሉ ተደባለቀብኝ። ሰናይት ከሞተች በኋላ በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ነርሶች እስኪመጡ አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ መርፌ ያልገባበትን እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ያዙ። "አብሽር" አሉኝ። "አልቅስ። ማሽኑ ገና ነው።"

ሲወጣልኝ ተነሥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። "ጌታ ኢየሱስ" አልኩ፣ "ሰናይት የጠራችህ አንተ ከሆንክ እኔንም ተቀበለኝ። የምገድልበትን እጅ ይዘህ አስቀርተሃል፤ የቀረውንም ያዘው።" ስሙ ይባረክ፣ ተቀበለኝ።

ያን ሰው ይቅር ብለኸዋል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንዳንድ ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን መገናኛን ሳልፍ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ጌታ እንደ አዲስ ይጠይቀኛል፤ እኔም እንደ አዲስ እመልሳለሁ። ጋሽ ሰይድ ዛሬም በእጥበት ላይ ናቸው። ሃይማኖታቸውን ይዘው፣ እኔም የእኔን ይዤ፣ ወዳጆች ነን። ከእሳቸው ወዲያ ያሉ ሕሙማንም "አንብብልን" ካሉኝ አነባለሁ።

ልጄ ሃና ዛሬ እዚህ የለችም። ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። በቀደም ጠዋት ወደ ክፍል ልትሄድ ስትል ጠረጴዛ ላይ እያነበብኩ አገኘችኝ።

"እሺ፣ ዛሬ እግዚአብሔር ምን አለህ?" አለችኝ። ምጸት ነበረበት።

"ምንም። አነበብኩ ብቻ።"

"ሲሪየስሊ? ሳይናገርህም ታነባለህ?"

"አዎ፣ ብዙ ቀን እንደዚህ ነው።"

ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች። "ያ ሰውዬ ግን ሁሌ ነበር የሚነገረው" አለች።

"አዎ" አልኳት።

በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። "እሑድ እንደምትናገር እትዬ አስቴር ነግረውኛል። እማዬን ስታነሣ እምነቷ ጎደለ እንዳይመስላቸው። እሱን ብቻ ንገርልኝ።"

ስለዚህ እነግራችኋለሁ። የሰናይት እምነት አልጎደለም። ያላትን ሁሉ አምና ሰጠች። ያልሆነ ቃል የሰጣት ሰው ነው።

ለምን እንዲያ እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም፤ ጌታን ግን አመሰግነዋለሁ። እጄ ንጹሕ ነው፤ ልጄም ማታ ቤቷ ስትገባ አባት አላት። እናንተ ውስጥ የታመመ ካለ መድኃኒቱን ይውሰድ። በእግዚአብሔር ስም ተወው የሚለው ቢመጣ አይቸኩል፤ ቃሉን ይክፈት፣ ጊዜ ይውሰድ፣ የሚያነብለት ሰው ይፈልግ። ዝም ያለ ቢመስላችሁም እመኑት፤ የተነበበ ቃል ውስጣችሁ ይቀመጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይጠራችኋል። ነገ ጠዋት ወደ እጥበት የሚሄድ ሰው ካለ በሰሚት በኩል ነው የማልፈው። ከኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ይጠብቀኝ፣ አደርሰዋለሁ፤ ከፈለገም ማሽኑ እስኪጨርስ አብሬው ተቀምጬ አነብለታለሁ።